የጋሽ አይዞህ ጸሎት

አዲሱ ከንቲባ ቃለ መሐላ በፈጸመ ማግሥት ከተማው ሁሉ እንቅልፉ ያልለቀቀው ይመስል ነበር። ሰዉ መንገድ ላይ ቆሞ ያወራል፤ ያወራውን ረስቶ እንደገና ያወራል። ላውንደሪው ውስጥ ደግሞ እንፋሎቱ ጣሪያ ነክቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከላይ በመስመር የተሰቀሉት ኮቶች ባለቤቶቻቸውን ትተው ለብቻቸው ሽር ሽር የሚሉ ይመስላሉ። ልብስ ተኳሿ ካውያዋን ነጭ ሸሚዝ ላይ እየገፋች ሁሉንም ትሰማለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን የዚያን ቀን ባዳ መሆን አምሮት አልሆነለትም። የሚወራው ስለ አባቷ ነዋ!

አባቷን ሁሉም ሰው «ጋሽ አይዞህ» ነው የሚላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ተመላልሰዋል። ጠያቂ የሌለውን ይጠይቃሉ፤ ሊሞት የተቃረበውን እጁን ይዘው ይጸልዩለታል። ደረታቸው ላይ የምትንጠለጠል «በጎ ፈቃደኛ» የምትል ባጅ አለቻቸው፤ እሷን ሲያደርጉ ቁመታቸው ይጨምራል። የሹመቱ ቀን ሲቃረብ ፓርቲዎቹ «ማን ይጸልይ?» ብለው ተናከሱ። አንዱ ያመጣውን ሌላው አይቀበልም። በመጨረሻ የማንም ያልሆነ ሰው ይሁን ተባለና ጋሽ አይዞህ ተመረጡ። ምነው ሳይመረጡ በቀሩ!

በሹመቱ ቀን ተኳሿ አዳራሹ ውስጥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። መብራቱ ከበዛ ብዛት ሰዉ ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ድምፅም ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከንቲባው፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ በላብ ተጠምቆ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አባቷ ቀረብ አሉና መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አደረጉ። ቀጥለው የእጁን የደም ሥር ያዙ። ከዚያ በትከሻው ላይ የተጋደመውን የሹመት ሻርፕ ብርድ ልብስ እንደሚያለብሱ ሁሉ ሳብ አድርገው ደረቱን ሸፈኑለት። ያኔ ነው ተኳሿ ከወንበሯ ብድግ ያለችው።

«አምላኬ ሆይ፣» አሉ፣ «ይህ ወንድሜ ብዙ ደክሟል። የበደለውን ይቅር በለው። ጨብጦ የያዘውን ሁሉ እንዲለቅ እጁን አላላለት። ያለ ጭንቅ አሳርፈው። የሚተዋቸውንም አንተ ጠብቃቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ጮኸ፤ ወሬው ከበሩ ወጥቶ ከሰው ቀድሞ መንገድ ላይ ደረሰ።

«በቁሙ ገነዙት እኮ!» ይላል አሁን ላውንደሪው ውስጥ ባለታክሲው፣ ኮቱን ሊወስድ መጥቶ ኮቱን የረሳው። «እንዲህ ያለ ወንድ ነው የጠፋው! ሰውየው ገና ሳይጀምር ልቀቅ አሉት!»

«ሟርት ነው እንጂ ምን ጸሎት አለው?» አለች ከጎን ያለችው ባለሱቅ። «ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሽማግሌ አይራገምም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ማን ይመልሰዋል?»

«ቅኔ ነው፣» አሉ ጡረተኛው መምህር። መምህሩ ያልገባቸው ነገር ሁሉ ቅኔ ነው።

ተኳሿ ብቻ እውነቱን ታውቃለች። ድፍረትም፣ እርግማንም፣ ቅኔም አልነበረም። አባቷ ያሉበት ጠፍቷቸው ሆስፒታል ያሉ መስሏቸው ነው። ከአምስት ወር ወዲህ አንዳንድ ነገር አይታለች። የጎረቤትን በር በራሳቸው ቁልፍ ሲታገሉ አግኝታቸዋለች፤ አንድ ቀን ደግሞ ስኳሩን ፍሪጅ፣ መነጽራቸውን የስኳሩ ዕቃ ውስጥ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

እንፋሎቱን እየገፋች የሆስፒታሉ ሲስተር ገባች፤ አባቷ የሚጸልዩበት ክፍል ኃላፊ ናት። ተኳሿን ወደ ጥግ ጎተት አደረገቻት።

«እህቴ፣ ከላይ ተደውሎልኛል። ፖለቲካው አይመለከተኝም፤ አውቀው ከተናገሩ ጉዳያቸው ከከንቲባው ጋር ነው፣ ነገም ይምጡ። ሳያውቁ ከሆነ ግን በሽተኛ ራስጌ ላቆማቸው አልችልም። አንቺ ንገሪኝ። የምትይኝን አምናለሁ።»

አባቷ ያለዚያ ክፍል ምን ይሆናሉ? ጠዋት ለምን ይነሳሉ? ጫማቸውን ለማን ይጠርጋሉ?

«አውቆ ነው፣» አለች። «ሦስት ቀን አስቦበት ነው።»

«አላልኳችሁም!» ባለታክሲው ከዚያ ማዶ ሆኖ ጭብጨባውን አቀለጠው።

ከተሰቀሉት ኮቶች መሀል አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ጋሽ አይዞህ ራሳቸው ወጡ፤ በጓሮ በር ገብተው ኖሯል። እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሸፍኖት ለጥቂት ጊዜ ማንንም ሳያዩ ቆሙ።

«ዋሽታ ነው፣» አሉ። «እኔ ጀግና አይደለሁም። ያለሁበትን ረሳሁ። ሰውየው ሲያልበው አየሁና የታመመ መሰለኝ።»

ከዚያ ባለታክሲው በሳቅ ፈረሰ። «አይ ጋሼ! ሲጠይቁዎት እንዲህ ይበሉ፣ በቃ! ‹ረሳሁ!› ማን ይይዝዎታል?»

«ይቺም ቅኔ ናት፣» አሉ መምህሩ።

ባለሱቋ እንኳ ሳቀች። እውነቱ መሀላቸው ቆሞ ማንም አላየውም፤ አይ ሰው! ሲስተሯ ብቻ አልሳቀችም። ጋሽ አይዞህ ወደ ሲስተሯ ሄዱ፤ ባጇን ከደረታቸው ሊፈቱ ታገሉ።

«አባዬ፣ ተው በናትህ!» አለች ተኳሿ።

«ስሚኝ ልጄ። ትናንት ለጤነኛ ሰው የበሽተኛ ጸሎት ጸለይኩ፤ ማን ሞተ? ሰው ሳቀ፣ ተጣላ፣ ነገ ይረሳዋል። ነገ ግን ነፍሱ ልትወጣ የምታጣጥር ሰው ራስጌ ቆሜ ‹እንኳን ለዚህ ሹመት አበቃህ› ብለውስ? እሱ ሌላ ቀን የለውም እኮ።»

ላውንደሪው ውስጥ የቀረው ሳቅ ሁሉ ጠፋ። ሲስተሯ እጇን አልዘረጋችም፤ እሳቸው መዳፏን ከፍተው ባጇን አኖሩባት። እሷም ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሷት። ባለታክሲው ኮቱን አንስቶ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ተኳሿ ካውያዋን ነቅላ አባቷን አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እንባዋን በሸሚዟ እጅጌ ጠረገች።

«ታውቂ ነበር ማለት ነው፣» አሉ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምስት ወር።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ካወቅኩ ዓመት አለፈኝ፣» አሉ። «አንቺ እንዳትደነግጪብኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»