የኢላሪዬ ፊርማ

የእንጨት ወርክሾፑ ጸሐፊ ስማራንዳ የኢላሪዬን ፊርማ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ሞክራ አበላሸችው። በሦስተኛው ጊዜ እጇ አስታወሰው። መጀመሪያ ትልቁ ክብ፣ ከዚያ ሦስት ጥርስ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ጭራ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ስትፈርመው ኖራ ዛሬ ምን ነክቷት ነው?

"ቶሎ በያ!" አለ አለቃዋ ቲበሪዩ፣ በሩን በጀርባው ደግፎ። "ሴትዮዋ መጋዞቹ ጋ ደርሳለች።"

ሴትዮዋ ከከተማ የመጣች የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ናት። ያመጣት የኢላሪዬ ጉዳይ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ክቡ መጋዝ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ወስዶበታል። ሆስፒታል ሲደርስ፣ ቲበሪዩ መንገድ ላይ እንዳስጠናው፣ "ቤቴ ማገዶ ስፈልጥ ነው" አለ። ሐኪሙ ግን ከቁስሉ ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባ የጣውላ ስንጥር በወረንጦ ለቅሞ አወጣ። ማገዶውን ነጭ ቀለም የሚቀባ ሰው የት አገር ነው ያለው? ሐኪሙ አልተዋጠለትምና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጻፈባቸው።

ስማራንዳ ፊት ያለው ያለፈው ወር የደኅንነት ትምህርት ቅጽ ነው። "የመጋዙን መከለያ ማንሳት ክልክል መሆኑ ተነግሮኝ ገብቶኛል" ይላል። የእህቷ ቀብር ላይ ስለነበረች የዚያን ወር ሳትፈርም ቀርታለች። መከለያውን ያነሳውም ራሱ ቲበሪዩ ነው፤ ሥራ ያጓትታል ብሎ። በዚህ መስኮት እያየችው ነው የፈታው።

ትምህርት የሚባል ነገር እንደሆነ ኖሮ አያውቅም። ወር ሲገባ ቅጹ ይመጣል። ሠራተኞቹ እጃቸው ሙጫ እንደሆነ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው እየሮጡ፣ "እትዬ ስማራንዳ፣ አንቺው ፈርሚልኝ" ይሏታል። እሷም የዘጠኙንም ፊርማ አንድ በአንድ አጥንታ ትፈርምላቸዋለች። በዚያ ሸለቆ ባሉት ወርክሾፖች ሁሉ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ምስኪን፣ ሰው የጠቀመች መስሏት ኖራለች።

"ይሄ ቦታ ከተዘጋ ዘጠኝ ቤተሰብ ጦሙን ያድራል" አለ ቲበሪዩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያንቺም ጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረው ገደል ገባ ማለት ነው። ደግሞ ኢላሪዬን ሜዳ ላይ የምጥለው ይመስልሻል? እኔ አይደለሁ እንዴ የዳርኩት!"

ይሄስ እውነቱን ነው። በኢላሪዬ ሠርግ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላው ሻማ ይዞ የቆመው፣ የጋብቻ አባቱ፣ ቲበሪዩ ነው። በዚያ መንደር የወለደ አባት ይከሰስ ይሆናል እንጂ የጋብቻ አባት አይከሰስም።

ስማራንዳ ፈረመች፤ ቅጹንም መዝገቡ ውስጥ ከተተችው።

ተቆጣጣሪዋ ኮርነሊያ ጫማዋ ሰጋቱራ ለብሶ ገባች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ፊቷ የደከመ ሴት ናት። መዝገቡን አገላብጣ፣ "ከተከፈታችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው?" አለች።

"አሥራ አንድ።"

"በአሥራ አንድ ዓመት ስንት ሰው ተጎዳባችሁ?"

"ከዚህ ልጅ በፊት? አንድም!" አለ ቲበሪዩ።

"ጉድ እኮ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ፋብሪካ ስምንት መቶ ሰው ይዞ በዓመት ሃያ ሠላሳ ጉዳት ያስመዘግባል። እናንተ ትንንሾቹ ግን፣ በተለይ እንጨት ቤቶቹ፣ በወረቀት ላይ መላእክት ናችሁ። የሚጎዳ የለ፣ የሚታመም የለ።" ከግድግዳው ወዲያ ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ትንፋሽ እስኪያጥረው ያስላል። "እሳቸውስ?"

"ሲጋራ ነዋ!"

ሽማግሌው በዕድሜው ሲጋራ በአፉ አድርጎ አያውቅም። ስማራንዳ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች።

ኢላሪዬ ተጠርቶ ገባ። የሠርጉን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሚስቱ ትሆናለች የቆለፈችለት፣ አንዱ ቁልፍ ያለቦታው ገብቷል። የተጠቀለለውን እጁን እንደ ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"ይሄ ፊርማ ያንተ ነው?" አለችው ኮርነሊያ።

ወረቀቱን አየው። ከዚያ ስማራንዳን አያት፤ አለመቀየሙን የሚነግር አስተያየት ነበር።

"የኔ ነው።"

"መከለያውንስ ማን አነሳው?"

ቲበሪዩ ጉሮሮውን ጠረገ። ኢላሪዬ ወደ እሱ ሳይዞር፣ "እኔ ነኝ" አለ።

"ስማኝ፣ የኔ ልጅ። ገና ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው። እንዲህ ካልክ ካሳ የለህም፣ የጉዳት አበልም የለህም። በዚህ እጅ ማን ይቀጥርሃል?"

"ገብቶኛል።"

"እሺ። እንደፈለግህ።" ቃሉን ጽፋ ወረቀቱን አስጠጋችለትና እስክሪብቶዋን ሰጠችው።

ኢላሪዬ እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን አነሳ። ፋሻውን አየና መለሰው። በግራው ያዘ፤ እስክሪብቶው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳውና እንደገና ሞከረ፤ ወረቀቱ ላይ አንድ የተጣመመ መስመር ብቻ ወጣ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ያን ጊዜ፣ ሳያስበው፣ እስክሪብቶውን ወደ ስማራንዳ ዘረጋ።

"እትዬ ስማራንዳ፣ አንቺው ፈርሚልኝ።"

ኢላሪዬ ያለው ነገር የገባው ዘግይቶ ነው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ለምዶባት ነው፣ ማለቴ... ሲቀልድ ነው!" አለ ቲበሪዩ።

ስማራንዳ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ሁለት ዓመት፣ አለች በልቧ፤ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የቀረኝ። ቃሉ የተጻፈበትን ወረቀት ገለበጠችው።

"ተይ አንቺ ሴትዮ!" አለ ቲበሪዩ።

ባዶው ጀርባ ላይ ትልቁን ክብ፣ ሦስቱን ጥርስ፣ የተንጠለጠለውን ጭራ አወጣች። ያለፈውን ወር ቅጽ ከመዝገቡ መዘዘችና ከጎኑ አኖረችው።

"እስኪ ያስተያዩት" አለቻት ኮርነሊያን። "ይሄንን የፈረምኩት ዛሬ ጠዋት ነው። የሌሎቹንም ልፈርምልዎት?"