የዓርብ ቱና

እግሬ እምቢ ካለኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ትንሽ እቆማለሁ። አርባ አንድ ዓመት ምድጃ ፊት የቆመ ሰው፣ ልጆቼ፣ ቢደክመው አይፈረድበትም። ባለፈው ጥቅምት ልጄን ቪታን፣ «በቃኝ፤ ምድጃውን ባልሽ ይረከበኝ» አልኳት።

ባሏ ኢቫኖ የቤርጋሞ ሰው ነው፤ ከላይ ከተራራው አገር። እጁ ጥሩ ነው፣ ሊጥም ይታዘዝለታል። የቀረው የዓርቡ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

የደሴታችን ቱና አጥማጆች ዓርብ ዓርብ ምሳቸውን እኔ ፒዛ ቤት ይበላሉ። መረቡ ከቀረ፣ ፋብሪካውም ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እነሱ ግን መምጣቱን አልተዉም። ስምንት ነበሩ፤ ባሌ ሮኮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዱ ነበር። አሁን ሁለት ቀርተዋል፦ የመረቡ አለቃ የነበሩት አጎቴ ጋስፓሬና ሜልኪዮሬ። የሚበሉት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፒዛ በቱናና በቀይ ሽንኩርት። የኢቫኖን እጅ ካልወደዱ ማረፌ ቀረ ማለት ነው። ሌላው ደንበኛ ቢቀየመኝ እችለዋለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን አስቀይሜ ግን ቤቴ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም።

ምድጃውን በተረከበበት በመጀመሪያው ዓርብ ኢቫኖ ማንንም ሳያማክር በማለዳ ወደብ ወርዶ ኖሯል። ትኩስ ቱና፣ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ገዝቶ መጣ። ስስ አድርጎ ቆረጠና ጥሬውን ከምድጃ በወጣው ፒዛ ላይ ደረደረው። ሊያከብራቸው ብሎ ነው፣ አንጀቴን በላው። እኔ ጓዳ ሽንኩርት ስልጥ አላየሁትም።

ብቅ ስል ሁለቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳህኑን ያዩታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አጎቴ ጋስፓሬ።

«ቱና ነው፣ አጎቴ» አለ ኢቫኖ። «ዛሬ ጠዋት የወጣ።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስገድለው ኖሬ! ማን ሊዳር ነው ያልኩህ?»

«ለእናንተ ብዬ እኮ ነው…» ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ምናልባት አይብ ልጨምርበት?»

«አየህ» አለ ሜልኪዮሬ፣ «ከተራራ የወረደ ሰው ላሙን ትቶ አይመጣም።»

ኢቫኖን ወደ ጓዳ ሳብኩት። «ልጄ፣ ይሄኛው የገዢ ነው» አልኩት።

እውነት ነው። መረቡ ሲነሣ፣ ባሕሩ ደም ሲመስል፣ የሚጎትቱት እነሱ ነበሩ፤ ጥሩው ዓሣ ግን በዚያው ቀን ተሸጦ በገዢው መርከብ ይሄዳል። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ፋብሪካ ገብቼ ቱና በቆርቆሮ እደረድር ነበር። ለስላሳው የሆዱ ሥጋ ለትንንሹ ቆርቆሮ፣ ለሀብታም። የተሰባበረው ለትልቁ፣ ለእኛ። አማቴ ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ ያንን ፍርፋሪ ከሽንኩርት ጋር ሊጥ ላይ እየበተነች ቤቱን ሁሉ ታጠግብ ነበር። ሲጎትት ውሎ ማኘክ እንኳ ያቃተው ሰው በዚያ ጨውና ዘይት ነፍሱ ትመለሳለች። የሚወዱት እሱን ነው።

ዱላ ሲንኳኳ ሰማሁ። አጎቴ ጋስፓሬ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ተነሥተው ጓዳ ገቡና ከመደርደሪያው ትልቁን ቆርቆሮ አወረዱ።

«ና አንተ ቤርጋሞ። ክፈተው። ዘይቱን አጥልለው… አትጭመቀው እንጂ! ልብስ መሰለህ? ሽንኩርቱ ከሊጡ ጋር ምድጃ ይግባ። ቱናው ከወጣ በኋላ ነው።»

«ለምን በኋላ?»

«አንዴ እሳት አይቷል። ይበቃዋል፣ ተወው።»

ፒዛው ሲደርስ ላወጣው ወደ ምድጃው ተጠጋሁ፤ እጄ ለምዶበት።

«ኒንፋ፣ ተቀመጪ» አሉኝ አጎቴ ጋስፓሬ።

«ማን ያወጣዋል?»

«እሱ። ስድስት ባዶ ወንበር አለ፣ የፈለግሽውን ያዢ።»

የሮኮን ወንበር ሳብኩ። በአርባ አንድ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ኢቫኖ አምጥቶ አስቀመጠና መሐረቡን እያጣጠፈ ቆመ። አጎቴ ጋስፓሬ ቆረሱ። አኘኩ፣ ረጅም ጊዜ አኘኩ። እኔ መንጋጋቸውን አያለሁ።

«ሽንኩርቱ ወፍሯል» አሉ።

ኢቫኖ አንገቱን ደፋ። የላጥኩት እኔ፣ የከተፈው እሱ።

«የሚመጣው ዓርብ ቀጠን አድርገህ ክተፈው» አሉና ሁለተኛውን ቁራሽ አነሡ።

የሚመጣው ዓርብ! ቪታ ከበሩ አጠገብ ሆና አየችኝ፤ ሁለታችንም ሰምተናል።

«ያንን ቀዩን ዓሣ ጠቅልልልኝ» አለው ሜልኪዮሬ። «ለድመቴ ነው፤ እሷ የገዢ ወገን ናት።»

እኔም አንድ ቁራሽ በላሁ። ሽንኩርቱ እውነትም ወፍሮ ነበር። ጫማዬን ጠረጴዛው ሥር አወለቅሁና እግሬን ቀዝቃዛው ወለል ላይ ዘረጋሁት።