የአምስተኛው ጃኬት ጨርቅ

በዚያ ቤት የመንገድ ዕቅድ የሚወጣው በልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሌላ ጠረጴዛ ጠፍቶ አይደለም፤ ካርታውን ሳይታጠፍ የሚይዝ ሌላ ስላልነበረ ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊው መቀሱንና ጨርቅ የሚያሰምርበትን የሳሙና ቁራጭ ወደ ጥግ ይገፋል። ሚስቱ ጂኦግራፊ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሊጣል ሲል ያዳነችውን ትልቅ ካርታ ትዘረጋለች፤ አራቱን ማዕዘን በክር ጥቅል ይጫኑታል። ከዚያ የልብስ ቁልፎች የሞሉበት ቆርቆሮ ይመጣል። እያንዳንዱ የቤቱ ሰው የራሱ ቁልፍ አለው፤ ማደር የፈለገበት ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። አባት ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ክር ይዘረጋል፤ ክሩን በመንገዱ ጥምዝ ሁሉ በጣቱ ጫፍ እየተጫነ ያስኬደውና አንሥቶ በሜትር ይለካዋል። በመጨረሻም እንደ ሙያው ልማድ ትንሽ ይጨምርበታል።

«ለምኑ ነው የምትጨምረው አባዬ? መንገድ እንደ ሱሪ አይጠብም!» ይለዋል ወንድ ልጁ።

«ያልጠበበ መንገድ አይቼ አላውቅም» ይላል እሱ።

ነገሩ የተጀመረው ልጆቹ ገና ጠረጴዛው ላይ በወንበር ሲወጡ ነው። ዕቅዱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ከሐይቁ ፓርክ ተነሥቶ፣ ጥቅጥቅ ያለውን የደን ፓርክ አቋርጦ፣ ወደ ተራራው ብሔራዊ ፓርክ መውጣት፤ መኪናው ከላይ ሆኖ ደመናው ከታች የሚታይበት ቦታ ድረስ። ልብስ ሰፊው ለዚያ ተራራ የተለየ ጉዳይ ነበረው። በጎልማሳነቱ ዘመን ሁሉ የፓርኩን ጠባቂዎች ወፍራም ጃኬት የሚሰፋው እሱ ነበር። ካርቶን ሞልቶ ይልካል፤ አሮጌው ሲያልቅ ሌላ ይታዘዛል። «ብርዱን ሳላውቀው ልብስ ሰፋሁለት» ይል ነበር። «አንድ ቀን ሄጄ መተዋወቅ አለብን።»

ታዲያ ለምን አልሄዱም? ሰውየው «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚባለውን በልቡ ይዞ ያደገ ነው። ሴትየዋ ደግሞ ሳትዘጋጅ ክፍል ገብታ አታውቅም። ሁለቱ ሲጋቡ መለካቱ በዛና መቁረጡ ጠፋ። አንድ ዓመት ዝናቡ ቆየ፤ አንድ ዓመት የልጅ ፈተና ሆነ፤ ሌላ ዓመት የሴት ልጃቸው ሠርግ። መንገዱ የትም አይሄድም እየተባለ ከዓመት ወደ ዓመት ተሸጋገረ። እውነትም መንገዱ የትም አልሄደም።

ልብስ ሰፊውን ሳል ሲጀምረው የጨርቅ ብናኝ ነው አሉ። ደረጃ ላይ ቆም ማለት ሲያበዛ እርጅና ነው አሉ። በስተመጨረሻ ሆስፒታል ሄዱ። ባሏ መጋረጃው ውስጥ ሸሚዙን ሲቆልፍ ሐኪሙ መምህርቷን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

«ሳንባው ጠንክሯል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጠፋው አይመለስም። የቀረውም እየጠነከረ ነው።»

«ጉዞ አስበን ነበር» አለች። «ወደ ተራራ።»

«ወደ ላይ አይሞከርም፤ አየሩ ይሳሳል። ታችም ቢሆን ረጅም መንገድ አልመክርም።»

የመጀመሪያውን ሰማች። ሁለተኛውን እንዳልሰማ ሰው አለፈችው። ባሏ ወጥቶ «ምን አለሽ?» ሲላት «መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጥ ነው የሚለው» አለችው። እሱም ሌላ አልጠየቀም።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ መንገዱ መውረድ ጀመረ። ለልጆቿ አልነገረችም፤ ከነገረቻቸው ጉዞው ይቀራል፣ ጉዞው ከቀረ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ስለዚህ የተራራውን መንገድ በወሬ ናዳ ዘጋችው። በሚቀጥለው እሑድ የደኑን ድልድይ ለጥገና አፈረሰችው። ሠላሳ ዓመት ለተማሪ ያስተማረቻቸውን የከፍታ መስመሮች እያየች፣ መስመር በተቀራረበበት ቦታ ሁሉ አንድ እንቅፋት አስቀመጠች፤ ቁልፎቹንም በትንሽ ጣቷ ቀስ እያደረገች ወደ ቆላው ገፋቻቸው።

«እማዬ፣ ይኼ ናዳ አንቺን ብቻ ነው የሚያውቅሽ?» አለች ሴት ልጇ። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ወሬ አያመልጣትም። «ባለፈው ሳምንት ከዚያ የመጣች ደንበኛ አጥቤያለሁ፤ መንገዱ እንደ መስተዋት ነው ብላኛለች።»

«ደንበኛሽ ዓይኗን በሻምፑ ጨፍና ነዋ ያወራችሽ።»

ልጆቹ ሳቁ። ወንዱ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሾፌር ነው፤ ጥላ ባየ ቁጥር ፍሬን ስለሚይዝ እህቱ «ፍሬን» ትለዋለች።

«ለእኔ ሜዳው ይሻለኛል» አለ ፍሬን።

«አንተማ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው አንተ መኪና ውስጥ ተሁኖ ነው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ ቀድሞን ይደርሳል።»

«አንቺ ውረጂና ግፊ ታዲያ!»

የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ሚጢጢ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ቁልፎቹን ታያለች። «ደመናውስ?» አለች። «ደመናው ከታች ነው ብላችሁኝ አልነበር?»

ተራራው ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከጠባቂዎቹ ጃኬት የተረፈ የናስ ቁልፍ፣ የአያቷ። መምህርቷ ወደዚያ እጇን ዘረጋችና ሳትነካው መለሰችው። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከካርታው ሳያነሣ ራሱ ቁልፉን ያዘና ሐይቁ ዳር አኖረው።

«ይሁን» አለ። «ውኃም ጥሩ ነው።» ከዚያ ሳል ያዘውና እስኪለቀው ሁሉም ሌላ ሌላ ነገር አዩ።

ጃኬት እሰፋለሁ ያለው በዚያው ዕለት ነው፤ ለአምስቱም፣ እንደ ጠባቂዎቹ ያለ፣ ባለ ገበር። «ሐይቅ ዳር ጠዋት ይበርዳል» አለ። ሐይቁ ዳር ሰው በካናቴራ እንደሚውል መምህርቷ አሳምራ ታውቃለች። ነገር ግን አይበርድም ካለች የቀረውን ልትናገር ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ዋጥ አድርጋ ጨርቅ ልትገዛ ወጣች። ለአምስት ሰው ስንት ይበቃል ብላ ጠይቃው ነው የሄደችው፤ ነጋዴው ፊት ቆማ በራሷ ክንድ ደግማ ለክታ፣ ትንሽ አስጨምራ ገዛች።

ለሳምንታት የስፌት መኪናው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ እንደ ድሮው ግን አልነበረም። ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል። መምህርቷ የተማሪ ፈተና እያረመች ከዚያኛው ክፍል ታዳምጣለች። መኪናው ሲቆም የእርሷም እስክሪብቶ ይቆማል፤ ትንፋሹ ተመልሶ መርገጫው ሲንቀሳቀስ እርማቷን ትቀጥላለች። የማን ወረቀት ላይ ምን እንዳረመች ኋላ ተመልሳ ማየት ያስፈልጋት ነበር።

አንድ ነገር ትጠብቅ ነበር። ሰፊ የሰውን ሁሉ ልክ ይወስዳል፣ የራሱን ጀርባ ግን አይችልም። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ለራሱ ልብስ ሊቆርጥ ሲል «መምህርት፣ ነይ ለኪኝ!» ብሎ ይጠራታል። እንደ ደንበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እሷ ሜትሩን ይዛ ትዞረዋለች። የደረቱን ልክ እንደ ልጆቿ ልደት በቃሏ ታውቀዋለች። የሴት ልጇን ለካ። የፍሬንን ለካ፤ «ሆድህን ሳትስብ ቁም፣ ሐይቁ አያየውም» አለው። ሚጢጢን እያኮረኮረ ለካ። የሚስቱን ሲለካ እጁ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ለኪኝ» ብሎ ግን አልጠራትም። ነገ ይጠራኛል አለች። ጃኬቶቹ አንድ በአንድ አለቁ። አሁንም ነገ አለች።

ልብሱ በሚሞከርበት እሑድ ሁሉም ለበሱ። ፀጉር ሠሪዋ መስተዋት ፊት ተሽከረከረች። ፍሬን ኮሌታውን አንሥቶ «የፓርክ ጠባቂ ነኝ፣ የመግቢያ ትኬት!» እያለ በሩን ዘጋ። የሚጢጢ ጃኬት በልኳ ነበር፤ ውስጡ ግን ከበደ። መምህርቷ እጅጌውን ገለበጠች። ጨርቁ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ተደርቦ፣ እንደገና ታጥፎ በላላ ስፌት ተይዟል። ወገቡም እንዲሁ፣ ጎኑም እንዲሁ።

«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው አያያ?» አለች ሚጢጢ።

«ስታድጊ ይፈታልሻል። በዓመት በዓመቱ እናትሽ አንድ መስመር ትፈታለች። ትልቅ ሴት እስክትሆኚ ያገለግልሻል።»

ኮሌታው ላይ የናሱ ቁልፍ ተተክሏል።

«የአንተስ አባዬ?» አለ ፍሬን። «የአንተን አውጣው እንጂ!»

«ጨርቁ አልበቃም።»

«በል እናቴ ላይ አላክክ! ነጋዴውን ስንት ሰዓት እንዳቆመችው እኔ ነኝ የማውቀው፣ ውጭ ስጠብቅ የነበርኩት።»

«አልበቃም አልኩህ» አለ ፈገግ ብሎ። «በሉ መኪናዋን ሞክሯት፤ ፍሬኗ ይይዛል አይይዝም እንይ። የሾፌሩስ ይይዛል።»

እየተሳሳቁ ወጡ፣ ሚጢጢም ጃኬቷን ሳታወልቅ ተከተለቻቸው። የመኪናው ድምፅ በመንገዱ ጥግ ጠፋ።

ልብስ ሰፊው ካርታው ላይ ጎንበስ አለ። ከሐይቁ ዳር የሴት ልጁን ቁልፍ አነሣና ተራራው ላይ አስቀመጠ። የወንዱን አነሣ፣ አስቀመጠ። የትንሿን። የሚስቱን ነጭ ቁልፍ መጨረሻ አነሣው፤ ከሌሎቹ አጠገብ አሳረፈው። ሐይቁ ዳር ምንም አልቀረም።

«ናዳው ተጠረገ» አለ።

መምህርቷ ወንበሩን ያዘች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከኮሪደሩ ስትመለሺ። ቦርሳሽን ረስተሽ ነው የመጣሽው። አንቺ ቦርሳ ረስተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሐይቁ ግን ዝቅተኛ ነው። እዚያ ድረስ ቀስ ብለን፣ እያረፍን…»

«መምህርት» አላት። «እኔ ከመኝታ ቤት እዚህ ድረስ እያረፍኩ ነው የምመጣው።»

ዓይኗ ወደ ነጩ ቁልፍ ሄደ።

«እኔን አወርዳለሁ ብለሽ ልጆቹን አወረድሻቸው» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ የተጣመመ ስፌት እንደሚያሳይ ሰው ነበር። «ውጡ። ለብሳችሁት ውጡና ብርድ ያስገባ እንደሆነ እዩልኝ።»

«ማን ይሄዳል አንተን ትተን?»

«ትቶ አይደለም የሚኬደው። ኋላ ነው፤ ከእኔ በኋላ።»

ያ «ኋላ» ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ትንፋሽ በነበረበት ጊዜ ሁለቱም ሲለኩ ነበር። ሊያልቅ ሲልም መምህርቷ ደግማ ስትለካ ነበር፤ ልዩነቱ ብቻዋን መሆኗ ነው። የሚቆረጠውን ደግሞ እሱ ቆርጦ ጨርሶታል፤ የራሱ ጃኬት ጨርቅ በሕፃን እጅጌ ውስጥ ታጥፎ ወጥቷል።

ሜትሩን ከጠረጴዛው ጥግ አነሣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቁም።»

«ጨርቅ የለም እኮ።»

«ቁም ብዬሃለሁ!»

ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። እንደ ድሮው ቀጥ ለማለት ሞከረ፣ እጆቹንም ከጎኑ ትንሽ አራቀ። በጀርባው ዞረች። ትከሻውን ለካች፤ ሸሚዙ ሥር አጥንቱ ሜትሩን ገፋው። ከዚያ ደረቱን አቀፈችና ሁለቱን ጫፎች ከፊት አገናኘች። ጫፉ ያረፈበት ቁጥር ድሮ የሚያርፍበት አልነበረም፤ ሜትሩ ተርፎ እጇ ላይ ተንጠለጠለ። ደረቱ ሥር ትንፋሹ እንደ ደረቅ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ በጣቷ ተሰማት።

«ስንት?» አላት።

የድሮውን ቁጥር ነገረችው። የሠርጉን ሱፍ የቆረጠበትን።

ይህ ሰው በሜትር ላይ የክር ውፍረት የሚያህል ስሕተት አሳልፎ አያውቅም። ደንበኛ ወገቡን አሳንሶ ሲናገር በዓይኑ አይቶ የሚያርም ነበር። አሁን አልዞረም። ራሱን ነቀነቀ።

«አዎ» አለ። «እንደዚያ ነው። ትርፉን ጨምሪበት።»

«ጨመርኩ» አለች፣ ሜትሩን ሳትለቅ።

ደጅ ላይ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ ልጆቹ ተመልሰው ነበር። ፍሬን ከውጭ ሆኖ መኪናዋ ደህና ናት፣ መቼ እንሂድ ብሎ ጮኸ።