በአውኒ ስም

ሰውየው ፍንጃሉን ተቀበለ እንጂ አልጠጣም። ጎንበስ ብሎ ከጫማው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠውና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ቁሰይ የናሱን ማንቆርቆሪያ በግራ እጁ እንደያዘ ከፊቱ ቆመ። አባቱ አውኒ ረቡዕ ሞቶ ሐሙስ ጠዋት ተቀብሯል። ከቀብር መልስ በቤተሰቡ አዳራሽ ለተሰበሰበው ለቅሶ ደራሽ ከቀኝ ወደ ግራ እየዞረ መራራውን ቡና የሚቀዳው የበኩር ልጁ እሱ ነው። መቶ ሰው ጠጥቶ ፍንጃሉን መልሶለታል። ይኼ አንዱ ግን አስቀመጠው። በከተማቸው በኢርቢድ ይህን ለመረዳት ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም፤ ፍንጃሉን መሬት ያስቀመጠ እንግዳ ጉዳይ አለው፣ ጉዳዩን እሺ ካላሉት አይጠጣም። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ወይም ደም ሲታረቅ የሚደረግ ነገር ነው። በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ድፍረት ቁሰይ አይቶ አያውቅም። ያም አልበቃ ብሎ ሰውየው የተቀመጠው በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ነው፤ አውኒ በየስብሰባው የማይለቃት ወንበር።

"ይጠጡ እንጂ" አለው ቁሰይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እጠጣለሁ። ሰው ቀለል ይበልና" አለ ሰውየው። አርባ ዓመት ቢጠጋው ነው፤ አነጋገሩ ከድንበር ማዶ፣ ከሶሪያዋ ደርዓ ነው። "ቀብር ላይ 'በአባቴ ላይ ሐቅ ወይም ዕዳ ያለው ወደ እኔ ይምጣ' ብለሃል አሉ።"

"ብያለሁ።"

"እንግዲህ መጥቻለሁ። ሙኒብ እባላለሁ።"

አዲስ ለቅሶ ደራሽ ገባና ቁሰይ ዞሮ መቅዳት ግድ ሆነበት። አጎቱ ሃዛዕ ግን ከመደዳው ጫፍ ሁሉንም እያየ ነበር። ሃዛዕ በሰው ፊት ላይ ነገር መፈለግ የሚወድ ሽማግሌ ነው፤ ካላገኘም ፈጥሮ ያስቀምጣል።

"ማነው ያ?" አለ፣ ሲቀዳለት እጁን ይዞ አስቀርቶ።

"አላውቀውም፣ አጎቴ። ሐቅ አለኝ ይላል።"

"ወንድሜ የሰው ነገር ነክቶ አያውቅም። ሰው ሲሞት ባለ ሐቅ ከየት እንደሚፈላ አላህ ይወቅ። አንተ ደግሞ የዋህ ነህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ።"

ያን ዕለት ሰው ቀለል አላለም። ሙኒብ የመግሪብ፣ የምሽቱ ስግደት ሲደርስ ተነሥቶ "አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጣችሁ" ብሎ ሄደ። ቡናው እንደተቀዳ፣ ፍንጃሉ እንደተቀመጠ ቀረ።

ዐርብም መጣ። እዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ፍንጃሉንም እዚያው መሬት አስቀመጠ። ለቅሶ ደራሹ አሁን ከሟቹ ይልቅ ስለ ፍንጃሉ ነበር የሚያንሾካሹከው። አንዱ፣ አውኒ በድብቅ ያገባት የሶሪያ ሴት ወንድም ነው አለ፤ ሌላው ስለ መሬት አወራ። ቁሰይ እየዞረ ሲቀዳ ሁሉንም ሰማ። አባቱን ማልቀስ ሲገባው አባቱን ሲጠረጥር ራሱን አገኘውና ተናደደ።

ደግሞስ ምን ያለው ሰው ነበርና! አውኒ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው የከተማዋን የውሃ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። የትኛው ሠፈር በየትኛው ቀን ውሃ ያገኛል የሚለውን የሚወስነው ኮድ አብዛኛው የእሱ እጅ ሥራ ነበር። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሲደርቅ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ መስኮታቸው እያየ "አውኒ፣ ቤትህ ይድረቅ!" ይል ነበር። እሱ ይስቃል። የራሱን ሠፈር ተራ አንድም ቀን አስቀድሞ አያውቅም፤ የቁሰይ እናት ኡም ቁሰይ በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አልማረችውም።

የመጨረሻ ሥራው ግን ማዛወር ነበር። ያ ሁሉ ኮድ የተቀመጠው በድሮ ማኅደር ውስጥ ነው፤ ማኅደሩ እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ እንደለወጠው በመግቢያ ስሙ ይመዘግባል። ድርጅቱ ያን ትቶ ወደ አዲስ ዓይነት ማኅደር፣ ከሰብቨርዥን ወደ ጊት ልሂድ አለ። ታሪኩ ሁሉ አብሮ እንዲሄድ የስም ዝርዝር ያስፈልጋል፤ በግራ የድሮው አጭር የመግቢያ ስም፣ በቀኝ የሰውየው ሙሉ ስምና ኢሜይል። አንድ ስም ከጎደለ ማዛወሪያው ቀጥ ይላል። አውኒ ከዚህ ዝርዝር ጋር ሦስት ወር ተቀመጠ።

ቁሰይም ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ የአዲሱ ዘመን፣ የችኩሎቹ። "ያባ፣ አርባ ስም ለመጻፍ ሦስት ወር?" ብሎ በአባቱ ላይ ይቀልድ ነበር።

"ስም ቀላል ነገር መሰለህ?" ይለዋል አባቱ።

አንድ ዐርብ ጠዋት ፉል እየበሉ አውኒ ዳቦውን አስቀመጠና ጠየቀው። "ልጄ፣ በአንድ መግቢያ ስም ሁለት ሰው ሠርቶ ቢሆን፣ ዝርዝሩ ላይ ለሁለት መክፈል ይቻላል?"

ቁሰይ ስልኩ ላይ ነበር። ቀና አላለም። "አይቻልም ያባ። አንዱን መምረጥ ነው።"

አውኒ ሌላ አልጠየቀም።

ዐርብ ከሰዓት የድርጅቱ ኃላፊ ኢንጂነር ሻሂር ለቅሶ ደረሰ። ቡናውን ጠጣ፣ ዱዓውን አደረገ፣ ከዚያ ቁሰይን ወደ ጥግ ወሰደው።

"ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የማዛወሪያው የመጨረሻ ቅጂ ያለው አባትህ ላፕቶፕ ላይ ነው። እሁድ ጠዋት የድሮውን ሰርቨር እንዘጋለን። ከዚያ ወዲያ አዲሱ ላይ የተጻፈ ስም፣ ተጻፈ ነው፤ አይለወጥም።"

"ነገ አመጣልዎታለሁ።"

ሻሂር በዓይኑ ወደ በሩ ጠቆመ። "ያን ሰውዬ ታውቀዋለህ? ድሮ አባትህ መኪና ውስጥ አይቼዋለሁ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ነው አሉ። ላፕቶፑን ማንም እንዳይነካው።"

ቁሰይ ዞሮ በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር አየ።

ቅዳሜ ጠዋት የአባቱን ላፕቶፕ ከፍቶ ዝርዝሩን አወጣው። አርባ አንድ መስመር። እየወረደ ሄደና በግራ በኩል "አውኒ" የሚለው ላይ ደረሰ። በቀኝ በኩል የአባቱ ስም የለም። "ሙኒብ" ይላል፣ ከሙሉ ስሙና ከኢሜይሉ ጋር። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየው። አባቱ የትም የለም። የተዛወረውን የሙከራ ቅጂ ከፈተ። ዘጠኝ ሺህ ለውጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሁሉም በሙኒብ ስም።

"ሌባ" አለ ጮክ ብሎ።

እናቱ ሻይ ይዛ ገባች። "ማነው ሌባው?"

"ሙኒብ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?"

"ስሙን አላውቅም። ሶሪያዊ ነው?" አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "አንተ አቃባ ከተማ ሄደህ ስትማር አባትህ ለሦስት ዓመት የሁለት ሰው ምሳ ነበር የሚያስቋጥረኝ። ይርበኛል ይላል፤ አንዲት ኪሎ አይጨምርም። ሴት ይዟል ብዬ አንድ ቀን በታክሲ ተከተልኩት።"

"አንቺ?"

"እኔ! መኪናው ውስጥ ጺሙ ያጎፈረ፣ ከሲታ ልጅ የኔን መቅሉባ፣ ያን የሩዝ ምግብ ይበላል፤ አባትህ ላፕቶፕ ይዞ ያሳየዋል። አፍሬ ተመለስኩ። ማነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም፤ መከተሌን ሊያውቅብኝ ነዋ።" ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

ቁሰይ ሻዩን አልነካውም። የአባቴን እንጀራ በልቶ የአባቴን ስም ወሰደ ከሚለው በቀር ሌላ ነገር አልታየውም። ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከቶ ወጣ።

የሦስት ቀኑ ለቅሶ የመጨረሻ ቀን ነበርና አዳራሹ ከዐስር ስግደት በኋላ ሳሳ። ሃዛዕ አለ፣ ሻሂር ላፕቶፑን ሊወስድ መጥቷል፣ ጥቂት ጎረቤቶች አሉ። ሙኒብ በዚያችው ወንበር፣ ፍንጃሉ በዚያው መሬት። ቁሰይ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከፊቱ ሄዶ ቆመ። "እርስዎ" ማለቱን ትቶታል።

"ያበላህን ሰው ስም ሰረቅህ" አለው።

ሙኒብ አልተነሣም፤ አልተቆጣምም።

"አየኸው ማለት ነው" አለ። "ደግ። እንግዲህ ላስረዳህ አልቸገርም። ስሜን አውጣልኝ።"

"ምን?"

"ስሜን አውጣና የአባትህን መልስ። ጉዳዬ ይኼው ነው። በእሱ ላይ ሐቅ የለኝም፤ የእሱ ሐቅ ነው እኔ ላይ የወደቀው።"

ሃዛዕ ከወንበሩ ወደፊት ተሳበ። "ቆይ፣ ቆይ። ልትሰጥ ነው የመጣኸው ወይስ ልትወስድ?"

"ልሰጥ ነው፣ አጎቴ።" ሙኒብ ወደ ቁሰይ ዞረ። "ከደርዓ ሸሽቼ ስመጣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሙያዬ ልሠራ አይፈቀድልኝም። አባትህ የራሱን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሰጠኝ፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔም እጽፋለሁ፣ ማኅደሩ ሁለታችንንም አውኒ ብሎ ይመዘግባል። ሦስት ዓመት። ከዘጠኝ ሺው ሁለት ሺው የኔ ቢሆን ነው። ዛሬ ፈቃድ አለኝ፣ ዐማን እሠራለሁ። ሰኞ ዕለት 'ዘጠኝ ሺህ ለውጥ በስምዎ ተመዝግቧል' የሚል ኢሜይል ከአዲሱ ማኅደር ሙከራ ሲመጣልኝ ደነገጥኩ። ደወልኩለት።"

"ምን አለ?"

"'ሐቅህን ነው የመለስኩልህ፣ በሕይወት እያለሁ ይሁን ብዬ' አለኝ። 'ያንተስ ሃያ ሁለት ዓመት?' ስለው ሳቀ። 'ውሃ ሲጠፋ ሠፈሩ የሚረግመው እኔን ነው፤ የኔ ስም አይጠፋም' አለኝ።"

ከጎረቤቶቹ አንዱ አንገቱን ደፋ።

"ለሁለት ክፈለው ብዬ ለመንኩት" አለ ሙኒብ። "'ልጄን ጠይቄዋለሁ፤ የዘመኑን ያውቃል። አይቻልም፣ አንዱን ምረጥ አለኝ' አለ። ረቡዕ መልሼ ስደውል ሞተ አሉኝ።"

ቁሰይ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ሌባውን በዓይኑ ሲፈልግ ነበር፤ ሌባው ለካ ቡና ሲቀዳ የነበረው እሱ ራሱ ነው። አባቱ አንድ ነገር ጠይቆት ነበር፣ አንድ ብቻ፣ እሱ ግን ከስልኩ ቀና አላለም። ቀና ቢል ኖሮ ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ መልስ ነበር።

"ይቻላል" አለ ቀስ ብሎ።

"ምኑ?" አለ ሻሂር።

"ማዛወሪያው የሚመረምረው በግራ ያለውን ነው። በቀኝ የፈለግከውን ስም ብትጽፍ ይቀበላል። የሁለት ሰውም ይሁን።" ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ከፈተ።

"በአንድ መስመር ሁለት ሰው?" ሻሂር ተቁነጠነጠ። "ደግሞ ያለ ፈቃድ የሠራ... ድርጅቱ ምን ይላል?"

ሃዛዕ በከዘራው መሬት ነካ። "ኢንጂነር፣ የሰው ፍንጃል መሬት ላይ ነው። ድርጅትህ ቆይቶ ይበል።"

ሻሂር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁሰይ መጀመሪያ የአባቱን ሙሉ ስም፣ ከዚያ "እና"፣ ከዚያ የሙኒብን ሙሉ ስም ጻፈ። የአባቱን ስም ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ጻፈው። ማዛወሪያውን አስነሣ። ለውጦቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ በአንድ እያለፉ ወረዱ፤ ሁለቱ ስሞች ከእያንዳንዱ ጋር። ላፕቶፑን ወደ ሙኒብ አዞረለት። ሙኒብ ረጅም ጊዜ አየ።

"ይበቃዎታል?" አለው ቁሰይ።

"ይበቃኛል።"

ቁሰይ ትኩሱን ሊቀዳለት ተነሣ። ሙኒብ ግን ጎንበስ ብሎ የቀዘቀዘውን አነሣና በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ፍንጃሉን መለሰ፣ ቁሰይን አንገቱን አቅፎ ሳመው፣ ሃዛዕን እጁን ጨብጦ ወጣ። ሃዛዕ "እኔ ደግሞ ክፉ ሽማግሌ ነኝ" አለ ለራሱ።

ሻሂር ቅጂውን ወስዶ ሄደ። ጎረቤቶቹ ወንበር መደራረብ ጀመሩ። ቁሰይ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ቡና በአንድ ፍንጃል ቀዳ። በሩ አጠገብ ወዳለችው ባዶ ወንበር ሄዶ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠና ጉዳይ እንዳለው እንግዳ ፍንጃሉን ከአባቱ ወንበር እግር ሥር አስቀመጠው። አልጠጣም።

ሃዛዕ "ጠጣ እንጂ፣ ልጄ" ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ሌሎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ አነሡ፤ ያቺን ዞረው አለፏት።