አፍንጫው የተጫረ ንጉሥ

ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም አንዷን የጥንት የሮማ ሳንቲም ስድስት ወር ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ፣ አፈሯን በድሮ የጥርስ መጎርጎሪያው እየፈለፈለ ነው የንጉሡን ፊት ያወጣው። አፍንጫው ላይ ያለችውን ጭረት እንደ ገዛ ጠባሳው ያውቃታል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ እሱም ሳንቲም ሰብሳቢ ነውና፣ ቤት በመጣ ቁጥር ሐኪሙ ዓይኑን ከእጁ ላይ አይነቅልም። ሁልጊዜ ፈገግ ማለቱም ያጠራጥረዋል፤ ሰው ጤነኛ ሆኖ ዝም ብሎ እንዲህ ፈገግ ይላል?

ዛሬ የሚስቱ ወንድም ገና ሳይቀመጥ ከደረት ኪሱ አንድ ሳንቲም አወጣ።

«እስቲ ይቺን ይዩልኝ ጋሼ፤ ራሴ ነኝ ያጸዳኋት።»

ሐኪሙ አጉሊ መነጽሩን ደቀነ። ያችው ጭረት! ደሙ ፈላ።

«አንተ ሌባ! ድሮም ጠርጥሬህ ነበር!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ የምን ሌባ?»

ሐኪሙ ሳንቲሙን የሚቆልፍበት መሳቢያ ባዶ መሆኑን ሊያሳየው ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ከፈተው። የራሱ ሳንቲም ግን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ቁጭ ብሏል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ያው አፍንጫ፣ ያችው ጭረት፤ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ትናንት የወጡ መንትዮች።

«ከማን ነው የገዛኸው?» አለ ሐኪሙ።

«እርስዎ ካሳዩኝ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ነዋ! ‹ከእሱ በቀር ማንንም እንዳታምን› ብለውኝ የለም እንዴ?»