ሱሉልታ ካባ ላይ የተነፋው ጡሩምባ

እኔ ገለቴ ስለ ፈንጂ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። እናቴ «እኩዮችሽ ስለ ባል ያወራሉ፣ አንቺ ስለ ደማሚት!» ትለኛለች። ኬሚስትሪ ተምሬ፣ ሦስት ዓመት በረዳትነት ሠርቼ፣ ያን ቀን ሱሉልታ የድንጋይ ካባው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ላፈነዳ ነው! አለቃዬ ዳኜ ግን «አንድ ሰው ቢጫር ተመልሰሽ መጋዘን ጠባቂ ነሽ» ብሎኛል።

ሁሉም ተዘጋጅቶ ሳለ ሳይረኑ አልጮህ አለ። ከካባው ሥር መንደር አለ፤ ሳያስጠነቅቁ ማፈንዳት አይታሰብም። ፎርማኑ ጉታ ሮጦ የሰፈሩን ዕድር ጡሩምባ ይዞ መጣ።

«ይሄ ከሳይረን በላይ ይሰማል!» አለ ኮራ ብሎ።

«ንፋው!» አልኩት። አባቴ ቡራዩ ውስጥ ሃያ ዓመት የዕድር ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ እኔው ነኝ እንግዲህ ንፋው ያልኩት። ደስታ ያሰክራል።

ጉታ ነፋው። ትንሽ ጠብቀን፣ እጄን ወደ ማፈንጃው ስሰድ መንደሩን አየሁ። ኧረ ጉድ! ሰዉ መሸሹ ቀርቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ እኛ ይጎርፋል። ጡሩምባ ሰምቶ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ለቀብር እየመጣ ነው!

የማፈንጃውን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና ቁልቁል በረርኩ። «ቁሙ! በማርያም ቁሙ!»

ፊት የሚመሩት የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ኢቲቻ ናቸው። «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ኦቦ፤ እንዳይሞት ነው የነፋነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጡሩምባ በከንቱ አይነፋም!» ተቆጡ። «ለመሆኑ ምን ቀብራችሁበት ነው የምንሸሸው?»

ጠየቁኝ እንግዲህ! «እየሄድን ልንገርዎት። እንጨት ሲነድ ከአየር ኦክስጅን እየለመነ ነው፤ ቀስ ይላል። ፈንጂ ግን ኦክስጅኑን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ዓይን ሳይጨፈን ትኩስ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ መላወሻ ሲያጣ አለቱን ገንጥሎ ይወጣል። ደግሞ ባሩድን መጀመሪያ ያገኙት ቻይናዎች ዕድሜ የሚያረዝም መድኃኒት ሲፈልጉ ነው ይባላል!»

«መድኃኒት ፍለጋ!» ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደማሚት የሠራው ስዊድናዊም ወንድሙን ፍንዳታ ገድሎበታል። ፈሳሹ ፈንጂ በትንሽ ነገር ይቆጣ ነበር፤ አፈር ውስጥ አስርጎ ገራው።»

እያወራሁ ሁሉንም ከመንደሩ ማዶ አስፋልቱ ጋ አደረስኳቸው። ጉታ ቤት ለቤት ዞረ፤ አንድ ሰው አልቀረም። ለካ ጡሩምባው መንደሩን ጠርጎ አውጥቶልኛል!

ተመልሼ ቁልፉን ቦታው አስገባሁና ማፈንጃውን ተጫንኩት። ድም! መሬቱ ከእግሬ ሥር ዘለለ፣ አለቱ ተንዶ ወረደ፣ አንድም ሰው አልተጫረ። እሰይ! እየዘለልኩ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።

ኦቦ ኢቲቻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያፈነዳነው የካባው ኮረብታ ጫፍ የነበረበትን ባዶ ሰማይ ያያሉ። «እናቴ እዚያ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር ለምሳ የምትጠራኝ» አሉ። «ማንም አልሞተም አልሽኝ። የሞተስ አለ፤ ጡሩምባው በከንቱ አልተነፋም።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ናቸው። ዳኜ በስልክ «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ሄልሜቴን አውልቄ ከለቀስተኞቹ ጋር ቆምኩ።