የአራስ ቤት ከሰል

ስሜ አገሬ ነው። ከሰል ሳከስል ስሕተት አላውቅም። ለመመካት አይደለም፤ ሞጣ ገበያ ውጡና ጠይቁ። የኔን ከሰል የገዛች ሴት ዓይኗን እያሸች ወጥ አትሠራም። ወይራውን ቆርጬ አደርቃለሁ፣ እከምራለሁ፣ በሳርና በአፈር አፍኜ እለኩሳለሁ፤ ውስጡ ጨርሶ ካልከሰለ አልከፍተውም። ጥሬ ጉማጅ እየቀላቀሉ የሚሸጡት ጭሱንም አብረው ይሸጣሉ። ሙያውን ያስተማረኝ ብቸና ሳለን ባሌ ፋንታ ነው፤ ነፍሱን ይማረው።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት ክረምት ልጄ ሙሉአለም የመጀመሪያ ልጇን ቀበረች። የአራት ወር ሕፃን ነበር፤ ሳል ወሰደው። ከሐረር ተመድቦ የመጣው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቤቷን ገብቶ አየና፣ «ይህ የእርጥብ ኩበት ጭስ እንኳን ለሕፃን ለአዋቂም አይሆን» አለ። እኔ ንጹሑን ከሰል ለሞጣ ሰው ስሸጥ፣ የገዛ ልጄ በኩበት ጭስ ስትታፈን ነበር። ያፈርሁትን እፍረት እግዜር ይወቀው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሐምሌ ወንድ ልጅ ስትገላገል ማልሁ፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ ኩበት አይነድም። ምርጥ ምርጡን ወይራ በጆንያ አስቀመጥሁላት።

በአምስተኛው ቀን ዝናቡ አላባራ አለ። አዋላጇ እማማ ሀብትነሽ «አራስን ነፋስ አይንካት፣ ምች ይመታታል» ብለው በሩን ዘጉ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፉ። እንደ ደንቡም ከራስጌዋ ማጭድ አኖሩ፤ ብረት ሰይጣን ያርቃል። በኩበት ጊዜ እንዲህ ጥርቅም አድርጎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ ሳሉ ራሱ በር ያስከፍት ነበር። የኔ ከሰል ግን አይጨስም። ፍም የሞላ ማንደጃ ይዤ ገባሁና ከመደቧ አጠገብ አስቀመጥሁ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ጭስ የሌለው ሙቀት» አልኋት። ደስ ብሎኝ ወደ ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ ረፋድ ሆኗል። የጨርቅ ነጋዴው የአብዱልዋሂድ ሚስት ዓሊማ፣ ጎረቤቴ ናት፣ ቅቤ ይዛ አራስ ልትጠይቅ መጥታ በር ላይ አገኘኋት። አብረን ገባን። ሙሉአለም ራሷን ይዛ ታስመልሳለች። ሕፃኑ ጡት አልይዝ ብሎ ዝልፍልፍ ብሏል። እማማ ሀብትነሽም ግንባራቸውን በሻሽ አስረዋል።

«ቡዳ ነው!» አሉ። «ትናንት የገባችው ሴት ማን ነበረች? በሩን መልሱት!»

ዓሊማ ግድግዳውን ተደገፈች። «አገሬ፣ እኔ ገና አሁን መግባቴ ነው። ራሴን ለምን አዞረኝ?»

ያን ጊዜ አወቅሁት። ብቸና ሳለን ፋንታ የከሰሉን ክምር ሲከፍት ራሱን አዙሮት ወድቆ ያውቃል። «ነፋስ!» ብቻ ነበር ያለኝ። ጎትቼ ነፋስ ላይ ሳስቀምጠው ነቃና፣ «ጭሱ አለቀ ብለሽ ከሰሉን እንዳታምኝው» አለኝ። እንዴት ረሳሁት? እውነቱን ልናገር፤ ካወቅሁም በኋላ ጥቂት ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። ከሰሌን ለማማት አፌ እምቢ አለኝ። የሕፃኑ ክንድ ከመደቡ ወደ ታች ተንጠልጥላ ባላይ ኖሮ ምን ያህል እቆም እንደነበር አላውቅም።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አትሂዱ!» ብዬ ጮህሁ። «ቡዳ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ! ማንደጃውን ያስገባሁ እኔ ነኝ!»

በሩን በእግሬ ብዬ ከፈትሁና ማንደጃውን ዝናብ ላይ ወረወርሁት። ዓሊማ ሕፃኑን በነጠላዋ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ምች ልታስመችያት ነው፣ አንች ሴት!» አሉ እማማ ሀብትነሽ።

ነፋሱ በአንድ በር ብቻ አላልፍ አለ። ከራስጌዋ ማጭዱን አነሣሁና የግድግዳውን ጭቃ መፈልፈል ጀመርሁ።

«እሱ ለሰይጣን የተቀመጠ ነው!»

«እኮ፣ ሰይጣኑ በዚህ ይውጣ!»

ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሲሆን ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ። ከበሩ ሕፃኑ አነጠሰ፤ ቀጥሎም አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም። ጊዜም አልነበረኝ፤ ልጄን ደግፌ ማውጣት ነበረብኝ።

ከሰሌን ግን አልተውሁም። ወደ ኩበት ተመለሱ የሚለኝ ካለ ልጄ ከቀበረችው ሕፃን ጋር ይነጋገር። ከዚያ ወዲህ አራስ ላለበት ቤት ከሰል የምሰጥ እኔው ራሴ ማጭድ ይዤ ሄጄ፣ ግድግዳውን አይቼ ነው። «ከሰል ልትሸጥ መጥታ ቤት ታፈርሳለች» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ፤ ይገዙኛል።

የልጅ ልጄ ክርስትና በተነሣ ዕለት እማማ ሀብትነሽ ልጄ ቤት መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ አኩርፈውኝ ነበር። የእህታቸው ልጅ መውለጃዋ ደርሷል።

«ከሰል ላኪልኝ፣ አገሬ» አሉ።

«ማጭዴን ይዤ እመጣለሁ።»

«ተይው፤ ግድግዳውን እኔው በስቼዋለሁ።» በማጭድ የፈለፈልሁትን ቀዳዳ አዩ። «ማንደጃውን አንች አስገባሽ፤ በሩን የዘጋሁ ግን እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው ከእንግዳው ሁሉ ፊት ቁጭ ብዬ ያለቀስሁ።